መልስ፦ ለአያቴ አርባ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ በምን ልጀምር?

ከኮሪያ ሜዳሊያቸው ልጀምር ወይስ ከባቡር ሥራቸው ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ከሳቃቸው ጀምር እላለሁ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ከነጋዴው ሁሉ ጋር ሳይሳሳቁ አይመለሱም ነበር። ለሠፈር ልጆች የባቡር ጡሩምባ በአፋቸው እያሰሙ «አዋሽ! ሚኤሶ! አፍደም! ኤረር!» ብለው ጣቢያዎቹን በተራ ይጠራሉ፤ ባቡር አይቶ የማያውቅ የጎንደር ልጅ መስመሩን በቃሉ ይዞት ነበር። ይህን አስፍተህ ጻፈው።

ዘመቻውንና ሥራውን አትነጣጥላቸው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት እስከ ጅቡቲ የተጓዘው በባቡር ነው፤ እርሳቸው በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ያገለገሉት በዚያው ሐዲድ ላይ ነው። በኮሪያ 121 ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። ያ ሁሉ ጨዋታቸው የሚቋረጠው የወደቁት ጓዶቻቸው ሲነሡ ብቻ ነበር፤ ይህንንም አትዝለለው።

የሥራ ዕድገታቸውን በአንድ መስመር እለፈው። ድሬዳዋ ውስጥ በሕይወት ያለ የሥራ ባልደረባ ካላቸው ግን ከአርባው በፊት ደውልለት፤ የወጣትነት ዘመናቸውን ከእርሱ የተሻለ የሚነግርህ የለም።