መብራት በብርድ ሌሊት ሲጠፋ፦ ጫጩቶቹ፣ ላሞቹና ወተቱ

ጥያቄ፦ 200 የእንቁላል ዝርያ ጫጩቶችን በ2 ባለ 250 ዋት ቀይ አምፖሎች እያሞቅኩ ነበር። በ9ኛ ቀናቸው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ የተመለሰው ንጋት 12 ሰዓት ነው። ብርዱ ከባድ ስለነበር በርና መስኮቱን ዘግቼ የተቀጣጠለ ከሰል አስገባሁላቸው። ጠዋት አንድ ጥግ ላይ ተከምረው 31 ሞተው አገኘሁ፤ በቀጣዮቹ 4 ቀናት ደግሞ 14 ሞቱ። የሚታለቡ 4 ላሞችም አሉኝ። የማለቢያ ማሽኑም ሆነ የውሃ ፓምፑ የሚሠራው በመብራት ነው። መብራቱ አሁንም ደጋግሞ እየጠፋ ነውና ትልቅ ባትሪ ልግዛ ወይስ ጄኔሬተር?

መልስ፦ ጥግ ላይ ተከምረው የተገኙት 31 ጫጩቶች የሞቱት ታፍነው ይመስላል። ጫጩት ሲበርደው ወደ ጓደኛው ይጠጋል፣ ድንገት ሲጨልምበት ደግሞ ደንግጦ ወደ ጥግ ይሸሻል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ከላይ ያሉት ይሞቃቸዋል፣ ከታች ያሉት ግን አየር ያጥራቸዋል። በኋላ የሞቱት 14ቱ የብርዱ ሰለባዎች የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው። ብርድ የመታው ጫጩት በዚያው ሌሊት ላይሞት ይችላል፤ መብላትና መጠጣት ይተዋል፣ ኩሱ ቂጡ ላይ ይደርቃል፣ ክንፉን ጥሎ ያንቀላፋል፣ ከዚያ በ3 ወይም በ5 ቀን ውስጥ ይሞታል። በተዘጋው ክፍል የነበረው የከሰል ጋዝም ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ስለዚህ ወደ ግዢው ከመሄድዎ በፊት ያለ ምንም ማሽን የሚሠራውን ያዘጋጁ። ጫጩት በደንብ ላባ እስኪያወጣ፣ ማለትም እስከ 4 ሳምንት ገደማ፣ የሰውነቱን ሙቀት ብቻውን ጠብቆ መዝለቅ አይችልም፤ ይሁን እንጂ ሙቀት ያመነጫል። ችግሩ ያ ሙቀት በሰፊው ክፍል ውስጥ መበተኑ ነው። መብራት ሲጠፋ ክፍሉን ሁሉ ለማሞቅ አይታገሉ፤ ጫጩቶቹን ወደ ጠባብ ቦታ ይሰብስቧቸው።

ስፋታቸው 40 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመታቸው 30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 8 ካርቶኖች አስቀድመው ያዘጋጁ። በእያንዳንዱ ጎን፣ ከላይኛው ጠርዝ ወረድ ብሎ፣ ጣት የሚያስገቡ 4 ወይም 5 ቀዳዳዎች ይብሱ። ታች 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ሰጋቱራ ወይም የተቆራረጠ ጭድ ያንጥፉ። በአንድ ካርቶን ከ25 ጫጩት በላይ አያስገቡ። ይህ ቁጥር ዋናው ነገር ነው፤ 25 ጫጩት ተጠጋግቶ ይሞቃል እንጂ እርስ በርሱ እስኪገዳደል አይከመርም። የአንድ ቀን ጫጩት የሚጓጓዝበት ባለ 100 ሣጥንም በ4 የሚከፈለው ለዚሁ ነው።

ቀጥሎ 2 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስፈልግዎታል። መጀመሪያ 8 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ 12 ሊትር የፈላ ውሃ ይጨምሩ። የፈላው ቀድሞ ከገባ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ውሃው ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ ከፍ ይላል። ክዳኑን አጥብቀው፣ ጀሪካኑን በደረቅ ጆንያ ጠቅልለው መሬት ላይ ያስቀምጡና ካርቶኖቹን በዙሪያው አስጠግተው ይደርድሩ። ከላይ ብርድ ልብስ ወይም ወፍራም ጨርቅ ያልብሱ፤ የጎን ቀዳዳዎቹ ግን እንዳይደፈኑ። ላስቲክ በፍጹም አይጠቀሙ፤ የትንፋሻቸውን እርጥበት ስለሚይዝ ጫጩቶቹ ይረጥባሉ፣ የረጠበ ጫጩት ደግሞ ከደረቀው ይልቅ ፈጥኖ ይበርደዋል።

20 ሊትር ውሃ ከ60 ወደ 35 ዲግሪ ሲወርድ የሚለቀው ሙቀት አንድ ባለ 250 ዋት አምፖል ከ2 ሰዓት በላይ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ አንዱን ጀሪካን በተራ ይቀይሩ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ካነሱ ሙቀቱ ይቋረጣል። በ2ኛ ሳምንት ጫጩቱ በተኛበት ከፍታ ከ29 እስከ 30 ዲግሪ መሆን አለበት። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ቴርሞሜትሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚያነበው የሌላ ቦታ ሙቀት ነው። ከወለሉ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ቴርሞሜትር ከሌለ የጫጩቱን እግር ጉንጭዎ ላይ ያስነኩት፤ እግሩ ከቀዘቀዘ ጫጩቱ በርዶታል። አፉን ከፍቶ የሚያለከልክና ከጀሪካኑ የሚሸሽ ከሆነ ግን ሞቆታል፤ ጨርቁን ገለጥ ያድርጉ። በየግማሽ ሰዓቱ እጅዎን አስገብተው የተጠጋጉትን ይበትኑ።

ስለ ከሰሉ በግልጽ ልንገርዎ፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ዳግመኛ አያስገቡ። ብዙ ሰው ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ጫጩቶቹን ሊያይ የገባ ሰውም እዚያው ሊወድቅ ይችላል። እሳቱ ውጭ ይሁን፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ሙቀቱ ብቻ ይሁን፦ ወይ የፈላ ውሃ፣ ወይ ውጭ እሳት ላይ ግሎ በደረቅ ጆንያ የተጠቀለለ ጡብ። ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ በውስጡ እርጥበት ስለሚይዝ እሳት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ጡቡንም ቢሆን ባዶ እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ ሳይደርስ ካርቶን አያስነኩት።

ከጨለማው ጋርም ያለማምዷቸው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አምፖሉ ሙቀት ብቻ እንጂ ብርሃን በማይሰጥ ማሞቂያ ቢተካ፣ ወይም አካባቢው በጀሪካን ሞቆ አምፖሉ በየማታው ለ1 ሰዓት ቢጠፋ፣ ድንገተኛ ጨለማ ያን ያህል አያስደነግጣቸውም። የማሳደጊያውን ጥጎችም በካርቶን ክብ ያድርጓቸው፤ ጥግ ከሌለ የሚከመሩበት ቦታ አያገኙም።

አሁን ወደ ግዢው። ባትሪ ለሙቀት አይመከርም። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ በወረቀት ላይ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር መጠቀም የሚገባዎ ግማሹን ነው። ይህ ሁለቱን አምፖሎችዎን 1 ሰዓት ትንሽ ያልፍ ያቆያቸዋል። ለአነስተኛ የኤልኢዲ መብራትና ለስልክ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይበቃል፤ ትንሽ ባትሪ ለዚህ ይግዙ። ላሞቹንና ፓምፑን ካሰብን የሚያዋጣዎ ጄኔሬተር ነው። 750 ዋት ፓምፕ ሲነሳ ለጥቂት ሰኮንድ ከመደበኛው 3 እጥፍና ከዚያ በላይ ኃይል ስለሚስብ የጄኔሬተሩ አቅም ቢያንስ 3 ኪሎ ቮልት አምፔር (kVA) ይሁን። ፓምፑን መጀመሪያ ያስነሱ፣ አምፖሎቹን ቀጥለው ያብሩ፤ በተቃራኒው ካደረጉ ጄኔሬተሩ ሊታፈን ይችላል። የማለቢያ ማሽኑን ሞተር መጠን ከታርጋው ላይ አንብበው ለሻጩ ይንገሩ፣ ከፓምፑ ጋርም አብረው አያሠሩት።

ጄኔሬተሩ ውጭ፣ ከቤትና ከበረት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ መውጫው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ይቀመጥ። ከቤቱ መስመር ጋር የሚገናኘው ባለሙያ በሚገጥመው መቀያየሪያ፣ ማለትም የውጭውን መስመርና ጄኔሬተሩን በሚለያይ ማብሪያ ብቻ ነው። ገመዱን ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን ማብራት ኃይሉን ወደ ውጭው መስመር ይመልሰዋል፤ መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ይሞታል። ነዳጅ የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው። በወር አንድ ጊዜ በመብራት የሚሠራ ዕቃ ሰክተውበት ለ20 ደቂቃ ያሠሩት፤ ወራት ያስቆጠረ ቤንዚን ካርቡራተሩን ስለሚደፍን በሚፈለግበት ሌሊት አልነሳም ይላል።

ለላሞቹ የመጀመሪያው ጉዳይ ውሃ ነው። የምትታለብ ላም በቀን ከ60 እስከ 100 ሊትር ልትጠጣ ትችላለች፤ ውሃ ባነሳት ቀን ወተቷ ይቀንሳል። ለ4 ላሞች የ2 ቀን ማለት እስከ 800 ሊትር ነውና በርሜሎቹ ሁልጊዜ ሞልተው ይደሩ፣ ከፍ ባለ ቦታ ቢቀመጡ ደግሞ ያለ ፓምፕ ይወርዳል። ውርጭ ካለ ላዩ የረጋውን በረዶ ጠዋት ይስበሩላቸው።

ማለቡን መብራት እስኪመጣ አያዘግዩት። ጡት ሞልቶ ሲቆይ ወተቱ ይንጠባጠባል፣ ቀዳዳው ይከፈታል፣ የጡት በሽታ ይገባል። በእጅ ይለቡ፤ በቅርብ ከወለደችውና ብዙ ከምትሰጠው ይጀምሩ። ማሽን የለመደች ላም በእጅ ስትታለብ መጀመሪያ ወተቱን ልትይዝ ትችላለች። ጡቷን ለብ ባለ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ለ1 ደቂቃ ያህል ካሹላት ትለቃለች። ከታለበች በኋላ ጡቷ የሚነከርበትን ጀርም ገዳይ መድኃኒት ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተው ይጥረጉት፤ እርጥብ ጡት ውርጭ ላይ ይሰነጠቃል።

ወተት በ2 ወይም 3 ሰዓት ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ ካልወረደ ባክቴሪያው መራባቱን ይቀጥላል። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን ክዳኑን ሳይከፍቱ ይተዉት። የዛሬውን ሙቅ ወተት ከትናንቱ ቀዝቃዛ ጋር አይደባልቁ፤ ሁለቱንም ያበላሻል። ወተቱን በብረት ማሰሮ አድርገው እስከ አንገቱ በቀዝቃዛ ውሃ ይንከሩት፣ በንጹሕ ማማሰያ በየ10 ደቂቃው ያማስሉ፣ ውሃው ለብ ሲል ይቀይሩ። 4 ዲግሪ ካልደረሰ ለገዢው ሳይደብቁ ይንገሩ ወይም በዚያው ቀን አፍልተው ይጠቀሙበት።

መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ሞተር ይንቀሉ፣ መብራት መመለሱን እንዲያሳይዎ አንድ አምፖል ብቻ ሳይነቀል ይቆይ። ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል 10 ደቂቃ ጠብቀው ሞተሮቹን አንድ በአንድ ያገናኙ። ጫጩቶቹን ከካርቶን የሚያወጧቸው ማሳደጊያው ሞቆ ቴርሞሜትሩ 29 ካሳየ በኋላ ነው። ከዚያ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር በጥብጠው ይስጧቸው፤ ከ1 ቀን በላይ ግን አይቀጥሉ፣ ተቅማጥ ያመጣል። የደከሙትን ለብቻ አድርገው ምንቃራቸውን ውሃው ላይ ያስነኳቸው። ቂጡ የተደፈነውን በለብ ያለ ውሃ አርሰው ያጽዱ እንጂ ደረቁን አይንጩት። እስከ 5ኛው ቀን ሞቱ ካልቆመ፣ ወይም ኩሳቸው ላይ ደም ካዩ፣ ጉዳዩ ብርድ ብቻ አይደለምና ትኩስ ሬሳ ይዘው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።