ቀትር ላይ የሚወጣ፣ ማታ የሚጠፋ ነጥብ

የዛሬዋ ጠያቂ ከአዲስ አበባ ናት። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ያገለገለ ሶኒ ኤ6000 ከ16-50 ሌንሱ ጋር ገዛሁ። የጎዳና ፎቶ ለማንሳት ነው። ካሜራው በጣም ተመችቶኛል። ትንሽ ስለሆነ ነጠላዬ ስር ይገባል፤ መርካቶ ስዞር ማንም ልብ አይለኝም። ግን ሰማይ ያለባቸው ፎቶዎች ላይ ግራጫ፣ ክብ ክብ ነጥቦች አሉ። ሁሌም እዚያው ቦታ ናቸው። የሚገርመኝ ቀትር ላይ ያነሳኋቸው ላይ ይታያሉ፣ ማታ ፒያሳ ያነሳኋቸው ላይ ግን የሉም። አንድ ጥገና ቤት ‹ሴንሰሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር› አሉኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ሌንሱ ሻግቷል አለኝ። ከታች ያሉት ብሎኖች ተፋፍቀዋል፣ አንዱ ጭራሽ የለም። ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ትንሽ ካቻቪቴ አለችኝ፤ ራሴ ልክፈተው?»

አትክፈቺው፣ እህቴ። ካቻቪቴዋን መሳቢያ ውስጥ መልሻት። ምክንያቱን መጀመሪያ ልንገርሽ፣ ከዚያ ወደ ነጥቦቹ እንሄዳለን።

ኤ6000 ከላዩ ብቅ የምትል ፍላሽ አለችው። ፍላሿን የሚያበራት ካፓሲተር የሚባል ጣሳ መሳይ ትንሽ ዕቃ ነው። እሱ ውስጥ 300 ቮልት ገደማ ይጠራቀማል። ካሜራው ጠፍቶ፣ ባትሪው ወጥቶም ቢሆን ቻርጁን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዱ መትቶኛል። ከአውራ ጣቴ እስከ ክርኔ ነዘረኝ፤ እጄ እስኪረጋጋ ድረስ ብዙ ቆየሁ። ያን ቀን የያዝኳት ካቻቪቴ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለች። ጫፏ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጥቁር ጉድጓድ አለ። ብልጭታው ብረቱን በልቶት ነው። ብረት እንዲህ የሚበላ ነገር ለጣት አይመለስም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ። ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር ላይ ቆምኩ። ቀትር ላይ አለ፣ ማታ የለም። ለእኔ ይሄ ይበቃኛል። ሴንሰርሽ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ዕቃ፣ አልተቃጠለም። አቧራ ገብቶበታል።

የተበላሸ ፒክሰል (ሴንሰሩ ላይ ካሉት ጥቃቅን ብርሃን ተቀባዮች አንዱ) እንዲህ አይደለም። ትንሽ፣ ጠርዙ የሰላ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ወይም ነጭ ነቁጥ ነው። ቀትርም ማታም ከቦታው አይጠፋም፤ እንዲያውም ጨለማ ላይ ይብሳል። ሌንስ ሲሻግት ደግሞ ፎቶው በሙሉ ወተት የነካው ይመስላል እንጂ እንዲህ ክብ ክብ ነጥብ አያወጣም። ማታ ብርሃን ስለሚያንስ ካሜራው አፐርቸሩን፣ ማለትም ሌንሱ ውስጥ ያለውን የብርሃን ቀዳዳ፣ ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። በዚህ ሌንስ ኤፍ 3.5 አካባቢ ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቀዳዳው ይጠብባል። ቀትር ላይ ግን ይጠብባል። ፎቶዎችሽን አላየሁም፤ ነጥብ ያለባቸው ግን ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 16 ላይ የተነሱ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ የፎቶውን መረጃ እዪ።

ለምን እንደሆነ ማስረዳት ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ታገሺኝ።

መብራት ሲጠፋ አንድ ሻማ አብሪ። ጣትሽን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቀሽ ያዢ። ጥላው ጥርት ያለ ነው። ጠዋት ደግሞ ሰፊ መስኮት ባለው ክፍል ያንኑ ጣት ያንኑ ግድግዳ ፊት ያዢ። ጥላው የለም ማለት ይቻላል። ጣቱ ያው ነው፣ ርቀቱም ያው ነው። የተለወጠው ብርሃኑ የሚመጣበት ስፋት ነው። የሻማ ብርሃን ከአንዲት ትንሽ ቦታ ስለሚነሳ ጣትሽ ከጋረደው ጋረደው ነው። የመስኮቱ ብርሃን ግን ከግራም ከቀኝም ከላይም ስለሚመጣ ከጣትሽ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ያገኘዋል።

አፐርቸርም እንደዚያው ነው። ኤፍ 3.5 መስኮት ነው፣ ኤፍ 16 ሻማ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አቧራው ሴንሰሩ ላይ በቀጥታ አያርፍም። ከሴንሰሩ ፊት መስታወት አለ፤ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ከአቧራው እስከ ሴንሰሩ 2 ሚሊሜትር አለ እንበል። ጣትሽና ግድግዳው መካከል እንዳለው ስንዝር ማለት ነው። አሁን 2ን ለኤፍ ቁጥሩ አካፍዪ። ኤፍ 16 ላይ 0.125 ሚሊሜትር ይወጣል። ወደ አንዲት የሴንሰር ነጥብ የሚሄደው ብርሃን መስታወቱን ሲያልፍ ስፋቱ ይህችው ናት። ኤፍ 3.5 ላይ ግን 0.57 ሚሊሜትር ይሆናል። ስፋቷ 0.05 ሚሊሜትር የሆነች አቧራ አስቢ፤ ከአንድ ዘለላ ፀጉር ትቀጥናለች። ኤፍ 16 ላይ ከብርሃኑ 16 በመቶውን ትጋርዳለች። ይሄ ሰማይ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ግራጫ ነው። ኤፍ 8 ላይ 4 በመቶ ትጋርዳለች። ኤፍ 3.5 ላይ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ዓይንሽ አያገኘውም። ስለዚህ ፒያሳ ማታ ያነሳሻቸው ፎቶዎች ላይም አቧራው አለ። ጥላው ተበትኖ ነው ያላየሽው።

ይህን ያወቀ ሰው ሴንሰር ይቀየር ብሎ አይመክርሽም። ከፍቶ ሳያይ፣ አፐርቸር ሳይቀይር፣ አንድ ፎቶ ሳያነሳ ዕቃ ቀይሩ ማለት ምክር አይደለም።

አቧራው እንዴት ገባ ካልሽ፣ በዚህ ዓይነት ካሜራ ቀላል ነው። ምስሉን ወደ ዓይን የሚመልስ መስታወት (ሚረር) ባላቸው የድሮ ካሜራዎች ሌንሱን ስትፈቺ ሴንሰሩን ሚረሩና ሹተሩ፣ ማለትም የብርሃን መጋረጃው፣ ይጋርዱታል። እንደ ያንቺ ባለው ሚረርለስ ካሜራ ላይ ሚረሩ የለም። ኤ6000 ደግሞ ሲጠፋም ሹተሩ ክፍት ነው። ሌንሱን ፈታ ስታደርጊ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ያይሻል። 16-50ው በበራ ቁጥር እየወጣ፣ በጠፋ ቁጥር እየገባ አየር ይስባል። የአዲስ አበባን የግንባታ አቧራ ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ለጽዳት የሚመጣልኝ ካሜራ በዝቷል።

ከማጽዳትሽ በፊት ፈትኚው። ካሜራውን ኤ ሞድ (አፐርቸሩን አንቺ የምትመርጪበት) ላይ አድርጊ፣ አፐርቸሩን ኤፍ 22፣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100። ፎከሱን ማኑዋል አድርገሽ ምስሉን ሆን ብለሽ አደብዝዢው። ነጭ ግድግዳ ፊት ቁሚና አንሺ፤ እያነሳሽ ካሜራውን በትንሹ አወዛውዢው። የግድግዳው እድፍ ሁሉ ይሟሟል። መስታወቱ ላይ ያለው አቧራ ግን ከካሜራው ጋር አብሮ ስለሚሄድ ባለበት ይቀራል። ከዚያ ዙሙን ከ16 ወደ 50 ወስደሽ ድገሚ። ነጥቦቹ ቦታ ካልቀየሩ ሌንሱ ነፃ ነው። ይህን ፎቶ አታጥፊው፣ ኋላ ታወዳድሪበታለሽ።

ምስሉ ሴንሰሩ ላይ ተገልብጦ ነው የሚያርፈው። ከፊት ለፊት ሆነሽ ስታዪው ፎቶው ላይ ከላይ ያለው ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ከታች ነው። ግራና ቀኙ ግን አይለወጥም።

ባትሪውን ሞልተሽ ሜኑ ውስጥ ክሊኒንግ ሞድን ምረጪ። ሴንሰሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ አጥፊው ይልሻል። አጥፊና ሌንሱን ፍቺ። ካሜራውን አፉን ወደ መሬት ደፍተሽ ብሎወር በምንላት የጎማ ኳስ ከስር ወደ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ንፊበት። የብሎወሩ ጫፍ ወደ ካሜራው ውስጥ አይግባ። ርካሽ ብሎወር ሲገዛ ውስጡ የጎማ ዱቄት አለው፤ አቧራ ላስወጣ ብለሽ አቧራ ታስገቢያለሽ። መጀመሪያ ጥቁር ጨርቅ ላይ አሥር ጊዜ ንፊው። ጨርቁ ላይ ነጭ ነገር ከጣለ ወርውሪው። በአፍሽ አትንፊ፣ ምራቅ ይረጫል። በቆርቆሮ የሚሸጠውን የታመቀ አየርም አትጠቀሚ፤ የሚተፋው ቀዝቃዛ ፈሳሽ መስታወቱ ላይ ይደርቃል።

ግድግዳውን እንደገና አንሺ። አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል።

ካላለቀ እርጥብ ጽዳት ነው። የዚህ ካሜራ ሴንሰር 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ስለሆነ 16 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሴንሰር መጥረጊያ ግዢ፤ በታሸገ ከረጢት አንድ አንድ እየሆነ ይሸጣል። የሴንሰር ማጽጃ ፈሳሹን ጫፉ ላይ ሁለት ጠብታ ብቻ አድርጊ። ሴንሰሩ ላይ በቀጥታ አታንጠባጥቢ። ፈሳሹ እሳት ይስባል፣ የቡና ከሰል አጠገብ አይሆንም። ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው በአንድ እጅ ሳታቋርጪ ሳቢ፣ አገላብጠሽ በሌላኛው ገጽ ተመለሺ። አለቀ። ያንኑ መጥረጊያ አትድገሚው። ያነሳው አሸዋ ጫፉ ላይ ነው ያለው፤ ስትደግሚው መስታወቱን ይፍቃል።

እዚህ ላይ ንዴቴን ልናገር። ባለፈው አንድ ልጅ እንደ አንቺ ያለ ካሜራ ይዞልኝ መጣ። ሌላ ቦታ «ጸድቶለት» ነበር። መብራት ስር ዘንበል አድርጌ ሳየው መስታወቱ ላይ ናፍጣ የፈሰሰበት ውሃ የመሰለ ቀለም ነበር። በሶፍትና በሽቶ ጠርገውታል። ሽታው እንኳ ገና አልጠፋም። ቅባቱን በሦስት መጥረጊያ አወጣሁት። ከስሩ ያሉትን ሁለት ጭረቶች ግን ማንም አያወጣቸውም። ስለዚህ ነጥቦችሽን በደንብ እዪ። አንዱ ዙሪያው ነጣ ያለ ቀለበት ካለው አቧራ አይደለም፣ የደረቀ ጠብታ ነው። የብሎኖችሽ ሁኔታ ከአንቺ በፊት እጅ እንደገባበት ይናገራል። ያ ቀለበት በሁለት ጽዳት ካልለቀቀ አቁሚና ባለሙያ ጋ ውሰጂው። ከፍቼ ከውስጥ ልድረስበት እንዳትዪ። ፍላሿ ባትነሳም ካፓሲተሩ እዚያው ነው።

ባትሪው። በእርግጥ የኤ6000 ባትሪ ትንሽ ነው። ኦሪጅናሉ 1020 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ አምራቹም በስክሪን ሲነሳ 360 ያህል ፎቶ ነው የሚለው። ያንቺ ላይ 2000 ምናምን ተጽፎበት ከሆነ ፎርጂድ ነው። በዚያች ሳጥን ውስጥ እጥፉ አይገባም። አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ አጋድሚው። እንደ ሚዛን ከተወዛወዘ አብጧል፣ ከዛሬ ጀምሮ አትጠቀሚበት። አትውጊው፣ አትጫኚው። ኤርፕሌን ሞድን አብሪ፣ ቁልፉን ሳትነኪ አስቀድሞ ፎከስ የሚያደርገውን ፕሪ-ኤኤፍ የሚለውን አጥፊ። ለውጡን በአንድ ቀን ታዪዋለሽ።

ስለ ካሜራው ያልሽው ልክ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ቢሆንም ከሌንሱ ጋር ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ 24 ሜጋፒክሰል የሆነ ካሜራ ለጎዳና ዛሬም ጥሩ ነው። ቅር የሚለኝ ሲበራ ሌንሱ እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ሰውየው አልፎ ይሄዳል። እየዞርሽ ሳለ አታጥፊው፤ ራሱ ይተኛ፣ የማንሻውን ቁልፍ በግማሽ ተጭነሽ ቀስቅሺው። ሁሉም ነገር ጥርት ይበል ብለሽ ከሆነ ኤፍ 16 ድረስ የምትዘጊው፣ አያስፈልግሽም። በ16 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 8 ላይ፣ ፎከሱን 1.6 ሜትር ላይ ብታደርጊ ከ80 ሳንቲሜትር ጀምሮ እስከ ማዶው ተራራ ጥርት ይላል። ኤፍ 16 ምስሉን ራሱ ያለሰልሰዋል፣ በዚያ ላይ አቧራውን ሁሉ ይጠራልሻል።

የጠፋው ብሎን ቀረ። ያገኘሽውን ብሎን አታስገቢበት። ግማሽ ሚሊሜትር የረዘመ እንኳ ውስጥ ካለው ሰሌዳ ጋር ሊገናኝ ይችላል። የቀሩትን ያፋፈቃቸው ደግሞ ተራው ባለመስቀል ካቻቪቴ ይመስለኛል። የጃፓን ካሜራ ብሎን በጃፓን ደረጃ የተሠራ ጫፍ ያለው ካቻቪቴ ነው የሚፈልገው። ሌላው እየተንሸራተተ ራሱን ይበላዋል፤ ብዙ ጠጋኝ ይህን አይለይም። ትክክለኛው ብሎን እስኪገኝ ቀዳዳውን በትንሽ ጥቁር ፕላስተር ሸፍኚው። የቀሩትን አትንኪያቸው።