እናት ሐይቅ፣ ልጅ ሜሪላንድ፦ የኮሌጁ ገንዘብ ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። የምኖረው ሐይቅ አጠገብ ነው። ባለቤቴ ካለፈ ቆይቷል። ልጄ ዲቪ ደርሶት አምና ወጣ። አሁን 20 ዓመቱ ነው፤ ሜሪላንድ ከአጎቱ ቤት ተቀምጧል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልግባ ሲል ፋፍሳ የሚባል ፎርም አለ፣ የእናትህ ፈቃድና ፊርማ ያስፈልጋል አሉት። አጎቱ ደግሞ እሷን አናስቸግር፣ በእኔ ገቢ እንሙላው ይላል። እኔ ግራ ገባኝ። ፊርማዬ ነገ ዕዳ ሆኖ ቢመጣብኝስ? ወለድ ያለበት ነገር ውስጥም መግባት አልፈልግም። መሬቴን በኮንትራት ሰጥቼ፣ ሁለቱን በሬዎች ሽጬ ልላክለት ወይ?
ልጇ ያሳሰባት እናት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ ወዐለይኩም ሰላም፣ እናቴ። በሬዎቹን አይሽጡ። መሬቱንም ለማንም አይስጡ። ወደ ደሴ ከመመለሴ በፊት አሜሪካ ውስጥ በአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ሠርቻለሁ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማለት ክፍያው ዝቅ ያለ የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ ነው። እንደ እርስዎ ልጅ ያሉ ብዙ ወጣቶች እዚያ መስኮት ላይ መጥተው ያናገሩኝ ይህንኑ ነበር። ከእርስዎ የሚፈለገው ገንዘብ አይደለም። ስምዎ፣ ትክክለኛ ገቢዎና ፈቃድዎ ነው።

ፋፍሳ የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ ነው። ነፃ ነው። አስከፍዬ እሞላልሃለሁ የሚል ሰው ካለ ልጅዎ አይስማው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል፤ በዲቪ የገባ ደግሞ ግሪን ካርድ አለው። በዚህ ፎርም በኩል የሚገኘው ትልቁ ነገር ፔል ግራንት ይባላል። ይህ ስጦታ ነው። ብድር አይደለም፣ ወለድ የለውም፣ ትምህርቱን በሥርዓቱ እስከተከታተለ ድረስ መልስ የሚለው የለም። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ከፍተኛው መጠን በዓመት 7,395 ዶላር ነው። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ ለአካባቢው ነዋሪ በአገሪቱ በአማካይ በዓመት 4,000 ዶላር ገደማ ነው። ልዩነቱን ይዩት። ከክፍያው የተረፈው ለልጁ ይመለስለታል፤ መጽሐፍ ይገዛበታል፣ ለአውቶቡስ ይከፍልበታል።

አሁን ወደ አጎቱ ልምጣ። አጎቱ ደግ ሰው ነው፤ ልጁን ቤቱ አስቀምጦ እያበላው ነው፤ አላህ ይስጠው። ግን በእሱ ገቢ አይሞላም። ልጁ 24 ዓመት ያልሞላውና ያላገባ ስለሆነ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ሕጉ የወላጅን ገቢ ይጠይቃል። አብሮት የሚኖር አጎት ወላጅ ተብሎ አይቆጠርም። አባቱ በሕይወት ስለሌለ ወላጁ እርስዎ ብቻ ነዎት። አጎቱ ታክሲ እየነዳም ሆነ መጋዘን እየሠራ የሚያገኘው ደመወዝ ፎርሙ ላይ ከገባ፣ ልጁ ሊያገኘው የሚገባው ግራንት ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይቀራል። ከዚያም በላይ የተሳሳተ መረጃ ለመንግሥት መስጠት ነው። በደግነት የተጀመረ ነገር ልጁን እንዲጎዳው አልፈልግም። ይህን ለአጎቱ በእኔ ስም ይንገሩልኝ።

የእርስዎ ገቢ ግን ዝቅተኛ ስለሆነ ልጁን ይጠቅመዋል። ምርት ሸጠው፣ ዶሮ ሸጠው፣ በዓመት ያገኙትን ብር ልጁ በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ዶላር ቀይሮ ይሞላዋል። የሚጠየቀው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ገቢ ነው። የሚኖሩበት ቤት እንደ ሀብት አይቆጠርም። ማፈር አያስፈልግም፤ ጨምሮ መናገርም አያስፈልግም። ገቢያችን ትንሽ ነው ለማለት አፍረው አጋንነው የጻፉ ወላጆች አጋጥመውኛል። ልጆቻቸው ያንን ለማስተካከል ወራት ፈጀባቸው።

ፊርማው ዕዳ አይሆንም። የሚፈቅዱት የግብር መረጃ ካለዎት ከአሜሪካ ገቢዎች መሥሪያ ቤት እንዲታይ ነው። እርስዎ እዚያ ግብር ከፍለው አያውቁም፤ ቢሆንም ፈቃዱ ግድ ነው። ያለሱ ልጁ ከፌዴራል መንግሥት አምስት ሳንቲም አያገኝም። ለወላጆች የሚሰጥ ብድር አለ፤ ግን የአሜሪካ ዜግነት ወይም እንደ ግሪን ካርድ ያለ ፈቃድ ለሌለው ወላጅ አይሰጥም። ስለዚህ እርስዎ ቢፈልጉም ተበዳሪ መሆን አይችሉም።

የሚያስፈልግዎት ኢሜይል ነው። ከሌለዎት ስልክ የምትችል የእህት ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ትክፈትልዎት። የይለፍ ቃሉን ደብተር ላይ ይጻፉት፤ በየዓመቱ ያስፈልጋል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (የአሜሪካ መንግሥት ለነዋሪ የሚሰጠው መለያ ቁጥር) የሌለው ወላጅም በኢሜይሉ የራሱን የፋፍሳ አካውንት መክፈት ይችላል። ስምዎ በመታወቂያዎ ላይ እንዳለው ይሁን። በዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ የእኛ ሰው ፎርም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው ገቢ ላይ ሳይሆን ስምና ልደት ላይ ነው። ልጁ የአባቱንና የአያቱን ስም አንድ ቦታ አንድ ዓይነት፣ ሌላ ቦታ በሌላ ፊደል ይጽፋል። የልደት ቀኑ ፓስፖርቱ ላይ ወደ ፈረንጅ ተቀይሯል፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ ግን የእኛው አቆጣጠር ነው። ፋፍሳው ላይ የሚሞላው ስምና ቀን ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ከተመዘገበው ጋር አንድ መሆን አለበት። አንድ ፊደል ከተሳተ ይመለሳል።

የወለዱ ነገር ያሳሰበዎት ተገቢ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ኮሌጁ ለልጁ የድጋፍ ዝርዝር ይልክለታል። እዚያ ላይ ፔል ግራንት አለ፣ ከክልሉ የሚሰጥ ግራንት ሊኖር ይችላል፣ ወርክ ስተዲ የሚባል የግቢ ውስጥ ሥራ ሊኖር ይችላል፣ ብድርም ተደርድሮ ሊመጣ ይችላል። ሁሉንም አንድ ላይ ተቀበል አይባልም። እያንዳንዱን ለብቻ እቀበላለሁ ወይም አልቀበልም ማለት ይቻላል። ብድሩን አልፈልግም ቢል ግራንቱ አይነካም። ከብድሮቹ አንዱ ተማሪው እየተማረ ሳለ ወለዱን መንግሥት የሚከፍልለት ነው፤ ከጨረሰ ከስድስት ወር በኋላ ግን ወለዱ በራሱ ላይ መቆጠር ይጀምራል። ስለዚህ ወለድ አልነካም ካለ እሱንም ይተወው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያለ ብድር መጨረስ የሚቻልበት ቦታ ነው፤ ሙሉ ፔል ላገኘ ልጅ በተለይ።

ሜሪላንድ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ፕሮሚስ ስኮላርሺፕ የሚባል አላት፤ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር ይደርሳል። መስፈርት አለውና ያሟላ እንደሆነ ኮሌጁን ይጠይቅ። የነዋሪነት ጉዳይንም አብሮ ይጠይቅ። አዲስ የገባ ሰው የተወሰነ ጊዜ እስኪሞላው ድረስ ከፍ ያለ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሴሚስተር ጠብቆ መጀመር ሊያዋጣው ይችላል።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለልጅዎ በደንብ ይንገሩት። ብዙ የእኛ ልጆች ግራንቱን ያገኙና ሙሉ ትምህርት ይመዘገባሉ፤ ሙሉ ማለት በሴሚስተር 12 ክሬዲት ነው፤ ክሬዲት የትምህርት ጭነት መለኪያ ነው። ሌሊት ደግሞ ይሠራሉ፤ ምክንያቱም ለእናት መላክ አለ። በስድስተኛው ሳምንት ይደክማቸዋል። ለማንም ሳይናገሩ ክፍል መግባት ያቆማሉ። ከሴሚስተሩ 60 በመቶው ሳያልፍ ካቋረጠ ተማሪ የግራንቱ ከፊል ለመንግሥት ይመለሳል፤ ኮሌጁም ጎደለ ብሎ ልጁን ሊጠይቀው ይችላል። ዕዳ ያልነበረው ልጅ ዕዳ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ነው። ከተመዘገበው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ማለፍና አማካይ ውጤቱን ከ4 ቢያንስ 2.0 ላይ ማቆየትም በአብዛኛው ኮሌጅ ግድ ነው። ስለዚህ ሥራ የሚበዛበት ከሆነ 6 ክሬዲት ብቻ ይያዝ። ግራንቱ በግማሽ ይቀንሳል እንጂ አይቀርም። ከከበደውም ዝም ብሎ ከመጥፋቱ በፊት ቢሮው ሄዶ ያናግራቸው። እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ሊረዱት ነው የሚከፈላቸው።

እናቴ፣ እርስዎም አንድ ነገር ያድርጉለት። የመጀመሪያውን ዓመት ገንዘብ ላክ አይበሉት። ከአሥር በሬ ይበልጥበታል።

የትምህርት ማስረጃውም በእጁ ይኑር። በጦርነቱ ጊዜ ወሎ ውስጥ ሰነዳቸው የጠፋ ትምህርት ቤቶች አሉ። የእሱም ከጠፋ፣ የብሔራዊ ፈተና ውጤቱ አዲስ አበባ ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ይጠየቃል። ውጤቱ ዝቅተኛ ቢሆንም አይስጋ፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰን ሰው በነጥብ አይመልስም።

ጥያቄ፦ እኔ ወልዲያ ነው ያለሁት። አንድ ኤጀንት አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ አስገኝልሃለሁ፣ ፔል ግራንትም አለ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀኝ። ልክፈል?
የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ያልመጣለት

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትክፈል። በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ሰው ፔል ግራንት አያገኝም፤ ይህ የሕግ ጉዳይ ነው፣ የትኛውም ኤጀንት አይለውጠውም። ለውጭ ተማሪ ክፍያው ከአካባቢው ነዋሪ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለውጭ ተማሪ ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚሰጥበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። አይ ትወንቲ የሚባለውን፣ ለተማሪ ቪዛ ኮሌጁ የሚሰጠውን ወረቀት ለማግኘት ደግሞ የአንድ ዓመት ክፍያና መኖሪያ መሸፈን እንደምትችል በባንክ ማስረጃ ማሳየት አለብህ። ሠርቼ እከፍላለሁ እንዳትል፣ በትምህርት ጊዜ የሚፈቀደው ግቢ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከግቢ ውጭ መሥራት ክልክል ነው።

የሚሸፍንልህ ዘመድ ካለ መንገዱ ክፍት ነው። ያኔም ኤጀንት አያስፈልግህም። የኮሌጁ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ለኢሜይል ይመልሳል። ሴቪስ የሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ክፍያ 350 ዶላር ነው፤ ለአሜሪካ መንግሥት በቀጥታ በኢንተርኔት ይከፈላል። ኮሌጁ የውጭ ተማሪ ለመቀበል የተፈቀደለት መሆኑን ስተዲ ኢን ዘ ስቴትስ ከሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልገህ አረጋግጥ። ኤጀንቱ የነገረህ ኮሌጅ እዚያ ላይ ከሌለ ከሰውየው ጋር ሁለተኛ አትነጋገር።