«የአየር ቫልቭ» ወይስ «ነፋስ መሙያ»?

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ገጠር ሲሆን ውሃችን ከግቢያችን ጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣ ነው። ቤቱን ለሚጠብቁልን አጎቴ «የአየር ቫልቩን ይመልከቱ» የሚል ወረቀት የግፊት ታንኩ (ውሃውን በታመቀ አየር ገፍቶ ወደ ቤት የሚልከው) ላይ ብለጥፍ፣ እርሳቸው ቧንቧው ጫፍ ላይ ያለውን ፈትተው ውሃ ረጫቸው። ስሕተቱ ከቃሉ ይሆን? ደግሞስ «አየር» ነው የሚባለው ወይስ «ነፋስ»?

መልስ፦ አጎትዎ አልተሳሳቱም። «የ» ሁለት ስሞችን ስታያይዝ የዝምድናቸውን ዓይነት አትናገርም፤ «የቡና ስኒ» ቡና የሚጠጣበት፣ «የቡና ቁርስ» ግን ከቡና ጋር የሚቀርብ መሆኑን የምናውቀው ከልማድ እንጂ ከሰዋስው አይደለም። «የአየር ቫልቭ»ም እንደዚሁ አየሩ ይግባበት ይውጣበት አይለይም፤ በእርስዎ ቤት ደግሞ ሁለቱም አሉ። አማርኛ ለዚህ የተሻለ መሣሪያ አለው፦ ከ«ሞላ» «መሙያ»፣ ከ«አስወጣ» «ማስወጫ» ይወጣል፤ ታንኩ ላይ ያለው መሙያ፣ ቧንቧው ላይ ያለው ማስወጫ ነው።

«አየር» ከግሪክ በግእዝ በኩል የመጣ ሲሆን፣ «ነፋስ» ከ«ነፈሰ» የወጣ ስለሆነ በጥብቅ ትርጉሙ የሚንቀሳቀሰውን ይመለከታል። ስለዚህ ታንክ ውስጥ የታመቀው «አየር» መባል ነበረበት፤ ይሁን እንጂ ጎሚስታው «ጎማው ነፋስ ጎድሎታል» ሲል ማንም አያርመውም፣ እኔም አላርመውም። የታንኩ መሙያ ከመኪና ጎማው ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ ለመማሪያ መጽሐፍ «አየር መሙያ»ን፣ ለአጎትዎ ወረቀት ግን «ነፋስ መሙያ»ን እመርጣለሁ። ቫልቭ ማለትም ነውር የለውም፤ ይህ ከእንግሊዝኛ፣ የመካኒኮቻችን «ቫልቮላ» ደግሞ ከጣሊያንኛ ቢመጡም፣ የሁለቱም ምንጭ የመዝጊያ ሳንቃ የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ታንኩን ይሙሉ» ብለው እንዳይጽፉ፤ ሰሚው ውሃ ነው የሚመስለው፣ እዚህ ግን ነፋሱ የሚለካውም የሚሞላውም ውሃው ካለቀ በኋላ ነው። ፓምፑ በ30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚነሣ ከሆነ የነፋሱ ግፊት ከዚያ በ2 ያንሳል፤ ስለዚህ ወረቀቱ እንዲህ ቢል ይበቃል፦ «ፓምፑን ያጥፉ። የታንኩን ውሃ ጨርሰው ያፍስሱ። ነፋስ መሙያው ላይ በጎማ መለኪያ ይለኩ፤ ከ28 ካነሰ ነፋስ ይሙሉበት። መሐል ያለችውን መርፌ ሲጫኑ ውሃ ከወጣ ግን ውሃውንና ነፋሱን የሚለየው የታንኩ የውስጥ ጎማ ተቀዷልና አይሙሉ፤ ይደውሉልኝ።»