ለቀሩት ማን ይቆማል?

ልጆቼ፣ ለሠላሳ ሁለት ዓመት ጠበቃ ሆኜ ሠርቻለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ውርስ ነበር። ሰው ሲሞት ወይም ደብዛው ሲጠፋ ከኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ፣ እንጀራዬ እሱ ነበር። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ስለ ሱፐርሂሮ ፊልም ልጻፍላችሁ ሲል ሊያስቃችሁ ይችላል። ሳቁ፣ ችግር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» ሲወጣ የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነበር። እናቱ «ማታ ብቻህን አትሄድም» ስላለችው እኔን ጎትቶ ሲኒማ ቤት አስገባኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተቀመጥን። ግማሹን ሰዓት «ይሄ ደግሞ ማነው?» እያልኩ አሰለቸሁት። መጨረሻው ላይ ግን እኔም ዝም አልኩ። ታኖስ የሚሉት ግዙፍ ሰውዬ ኃይለኛ የሆኑትን ስድስት ድንጋዮች ሰብስቦ ጣቱን አንዴ አጮኸ። በቃ፣ በዓለም ካለው ነፍስ ግማሹ አቧራ ሆነ። ስፓይደርማን፣ ያ ትንሽ ልጅ፣ አይረን ማን በሚሉት በቶኒ ስታርክ እቅፍ ውስጥ በነነ። ብላክ ፓንተር የጦር አዛዡን ኦኮዬን ሊያነሳት እጁን እንደዘረጋ ጠፋ። ክፉው አሸንፎ፣ ቁጭ ብሎ ፀሐይ እየሞቀ ፊልሙ አለቀ። ከኋላችን የነበረች ልጅ «እንዴ፣ በቃ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት የእህቴ ቤት ችሎት ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጁ ጓደኞች ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ክርክሩ ይጦፋል። ማን ይመለሳል? ማን ሄዶ ቀረ? ጠንቋዩ ዶክተር ስትሬንጅ 14,000,605 ዕጣ ፈንታዎችን አይቶ የምናሸንፈው በአንዱ ብቻ ነው ብሏል፤ ያ አንዱ የቱ ነው? አቬንጀርስን ያሰባሰበው ኒክ ፍዩሪ አቧራ ከመሆኑ በፊት መልእክት የላከው ለማን ነው? እህቴ «ለትምህርታችሁ እንዲህ ብትከራከሩ» እያለች ስኒ ታነሳለች። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ወጣት ጠበቆች እንኳ እንዲህ በዝርዝር ሲከራከሩ ብዙ አላየሁም።

አንዱ ልጅ ሁልጊዜ አንድ መከራከሪያ ነበረው። «ስፓይደርማን ይመለሳል። የሚቀጥለው ፊልሙ የሚወጣበት ቀን ተነግሯል፣ አለቀ።» እውነቱን ነው፣ ተነግሮ ነበር። ልጁም ተመለሰ። ግን ይሄ ከመዝገቡ ውጪ የመጣ ማስረጃ ነው። የፊልም ቤቱ የቀን መቁጠሪያ መመለሱን ይነግራችኋል፤ ሲመለስ ምን እንደሚያስከፍል አይነግራችሁም። እኛ ዘንድ «ያሸንፋል» የሚል ጠበቃ ሞልቷል። «ካሸነፈስ በኋላ?» ሲባል ነው የሚጠፋው።

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ብዙ የማትናገር። አንድ ቅዳሜ እንዲህ አለች፦ «አቧራ የሆኑት አብዛኞቹ አዳዲሶቹ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ አቬንጀሮች፣ እነ ቶኒ፣ እነ ካፒቴን አሜሪካ፣ እነ ብላክ ዊዶ ግን አንዳቸውም አልሄዱም። ለምን ቀሩ? እኔ የምፈራው ለእነሱ ነው።» ማንም ልብ አላላትም። ሁሉም ለስፓይደርማን እያለቀሰ ነበር።

እኔም አልሰማኋትም። እንዲያውም ተቃወምኳት። «ስትሬንጅ ያን ሁሉ ሲጠብቀው የኖረውን ድንጋይ አሳልፎ የሰጠው ቶኒን ለማትረፍ ነው። በዚህ ዋጋ የተገዛ ሰው አይሞትም» አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጣቴን እየቀሰርኩ፣ ልክ ችሎት ፊት እንደቆምኩ። ሁሉም ዝም አሉ፣ ያሸነፍኩ መሰለኝ። በዓመቱ ተከታዩ ፊልም «ኤንድጌም» ወጣ። አቧራ የሆኑት ተመለሱ። ብላክ ዊዶ ከገደል ራሷን ወረወረች። ቶኒ በራሱ ጣት ታኖስንና ጦሩን ጨርሶ ሞተ። ካፒቴን አሜሪካ ሽበታም ሽማግሌ ሆኖ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስትሬንጅ ቶኒን ያተረፈው ለዚያች ቀን ነበር። የእህቴ ልጅ ከሲኒማ ቤት ስንወጣ ምንም አላለኝም። ባይስቅብኝ ይሻል ነበር መሰለኝ፣ ግን ሳቀ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመልሳችሁ፤ ያቺ ልጅ ያለችው ነገር በሥራዬ አንዴ ደርሶብኛልና።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ መጥፋት ይናገራል። አንድ ሰው ከጠፋና ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ መጥፋቱ እንዲወሰን ማመልከት ይችላል። ውሳኔው ሲጸና ጋብቻው ይፈርሳል፣ ንብረቱ ለወራሾች ይተላለፋል። የጠፋው ሰው ከመጣ ደግሞ ንብረቱን ባለበት ሁኔታ ይረከባል። «ባለበት ሁኔታ»፦ ስንትና ስንት ቀን የተሟገትኩት በእነዚህ ሁለት ቃላት ላይ ነው።

አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። ባሏ በበረሃ አድርጎ ወደ ዓረብ አገር ሄደ፣ ድምፁ ጠፋ። ሦስት ዓመት ጠበቀች። ከዚያ እኔ ዘንድ መጣች፣ የመጥፋት ውሳኔ አወጣንላት። የእህል ወፍጮ ነበራቸው፣ ሸጠችው፣ ሁለት ልጆች አስተማረችበት። ሰውየው በስድስተኛው ዓመት መጣ። ታስሮ ነበር። ሰፈሩ በእልልታ ተቀበለው፣ በግ ታረደ። እኔም በማግስቱ ሳገኛት «እንኳን ደስ ያለሽ!» አልኳት። አየችኝ። ያን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳውም። ደስ አላላትም ማለቴ አይደለም። አልቅሳለች፣ አቅፋዋለች። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ እሱ መኖር ተምራለች፤ እሱ ደግሞ የሄደ ዕለት የተዋትን ሴት ፈልጎ ነው የመጣው። «ወፍጮዬስ?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ እሱን «እንዴት ተረፍክ?» እያለ ይከብበዋል። እሷን «አንቺስ እንዴት ከረምሽ?» ያላት አልነበረም። የራሷ ጠበቃ እንኳ አላላትም። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ጨረሰው፣ እንዴት እንደጨረሰው የእነሱ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ነው «ኤንድጌም» ላይ ከጦርነቱ ይልቅ የመጀመሪያው ሰዓት የያዘኝ። አምስት ዓመት አልፏል። ካፒቴን አሜሪካ ሰዎችን ክብ ሰብስቦ ያነጋግራል፣ ልክ ለቅሶ ቤት። አንት-ማን የሚሉት ስኮት ላንግ ለእሱ አምስት ሰዓት የመሰለው አምስት ዓመት ሆኖ ከተዘጋበት ስፍራ ይወጣና፣ የጠፉት ስም በተቀረጸበት ድንጋይ መሀል የልጁን ስም ይፈልጋል። ያገኘው የራሱን ስም ነው። ትንሽ ትቷት የሄደው ልጁ አድጋ በር ትከፍትለታለች። ከእህቴ ልጅ ጓደኞች አንዱ «እዚህ ጋ ፊልሙ ይንቀራፈፋል» ይል ነበር። እኔ ደግሞ በሆነ ነበር የምለው፣ ሦስቱም ሰዓት እንዲህ በሆነ።

ስለ ታኖስ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ «ሰውየው እውነት አለው» የምትሉ አላችሁና። ሕዝብ በዛ፣ ሀብት አነሰ፣ ግማሹ ይጥፋ። እሺ፣ እናስላው። ፊልሙ ሲወጣ የዓለም ሕዝብ 7.6 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ግማሹ 3.8 ቢሊዮን ነው። ዓለም ይህን ያህል ሕዝብ የነበራት በእነ አባቶቻችሁ ልጅነት፣ ፊልሙ ከመውጣቱ ሃምሳ ዓመት በማይሞላ ጊዜ በፊት ነው። የቀሩት ይወልዳሉ አቦ! ደግሞም የቀሩት ያስታውሳሉ። በሁለተኛው ፊልም ታኖስ ራሱ የተረዳው ይህንን ነው፤ የነበረውን የሚያስታውስ እስካለ ድረስ የመጣውን የማይቀበል አለ። ከዚያ ምን አሰበ? ሁሉንም ላጥፋ አለ። እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ቢመጣብኝ መዝገቡን አልይዝም።

አንድ ነገር ግን ከፊልሙ ውጪ ነው፣ እሱን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ብላክ ፓንተር ይመለሳል ብለን ማንም አልተጠራጠረም። የራሱ ፊልም ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፣ እንዴት ይተዉታል? እውነትም ተመለሰ። ተዋናዩ ቻድዊክ ቦዝማን ግን ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ በአንጀት ካንሰር ይታመም ነበር። ያን ሁሉ ሲዘል፣ ሲዋጋ፣ እየታመመ ነው። እኛ ቡና እየጠጣን ስለ ገጸ ባሕሪው ስንከራከር እሱ ሕክምና ላይ ነበር። ነሐሴ 22 ቀን 2012 ዓ.ም በ43 ዓመቱ አረፈ። ቀጣዩ ፊልም በ2015 ዓ.ም ሲወጣ ሌላ ተዋናይ አልተኩበትም። ታሪኩን የቀረችው እህቱ ሹሪ ተሸከመችው። የእህቴ ልጅ ያንን ሲያይ «ጋሼ፣ ይሄኛው እንደዚያኛው አይመለስም አይደል?» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም።

እና ልጆቼ፣ ክርክራችሁን አትተዉ። እኔ የምለምናችሁ፣ ዝም ብላ የተቀመጠችውን ልጅ አስቀድማችሁ ጠይቋት። እንደ እኔ ጣት አትቀስሩ። ተሳስታችሁ ስትገኙ ደግሞ ለማመን ወራት አይፍጅባችሁ፤ እኔን አራት ወር ፈጅቶብኛል፣ ያውም ቶኒ ሲቀበር በዓይኔ አይቼ።

የእህቴ ልጅ አሁን ሕግ ጨርሶ ሥራ ጀምሯል። ሰሞኑን ደወለልኝ። በስፓይደርማን ቀጣይ ፊልም ላይ አቧራ ሆና የነበረችው አክስቱ ሜይ ከአምስት ዓመት በኋላ ድንገት አፓርታማዋ ውስጥ ብቅ ስትል ሌላ ቤተሰብ ይኖርበት ነበር፣ የቤተሰቡ አሮጊት ሜይ መንፈስ መስላት ደነገጠች። ፊልሙ በቀልድ አለፈው። «ጋሼ፣ በእኛ ሕግ ቤቱ የማነው?» አለኝ።

«መጀመሪያ የኪራይ ውሉን አምጣ» አልኩት። «ደግሞ አንተ ለሜይ ቁም። እኔ ለአሮጊቷ እቆማለሁ።»