«ዓሣ ለምን ከውኃ ወጥቶ አይኖርም?» ስለ እንስሳት መኖሪያ የልጆች አስተማሪ ጥያቄና መልስ

ትንንሽ ልጆችን አስተምራለሁ። ስለ እንስሳት መኖሪያ የምናወራበት ሰዓት ከሁሉም ይልቅ የምወደው ነው፤ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ማባሪያ የለውም። ወላጆችና አዳዲስ መምህራን ካቀረቡልኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመቷ ነው። በረሃ፣ ደን፣ ባሕር እያልኩ ሥዕል አሳያታለሁ። ስሙን ትሸመድዳለች፣ በማግስቱ ትረሳዋለች። ከየት ልጀምር?

ከቦታው አይጀምሩ፣ ከእንስሳው ይጀምሩ። ያውም ከአንድ እንስሳ። በረሃን አይታ ለማታውቅ ልጅ «በረሃ» ባዶ ቃል ነው። የዳክዬ እግር ግን ወዲያው ይገባታል። በጣቶቹ መካከል ያለውን ስስ ቆዳ ያሳዩዋት። ቀጥሎ የዶሮን እግር፤ እዚያ ጣቶቹ ለየብቻ ናቸው፣ ጥፍራቸውም መሬት ለመጫር የተመቸ ነው። «ውኃ ላይ የቱ ይቀዝፋል?» ብለው ይጠይቋት። ከዚያ ሳፋ ውስጥ ውኃ ይሙሉና መጀመሪያ ጣቶቿን ከፋፍታ ውኃውን ትግፋ፣ ቀጥሎ እጇን በላስቲክ ከረጢት ሸፍና ትሞክር። ልዩነቱን በእጇ ታውቀዋለች። «ዳክዬ ውኃ ዳር ትኖራለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ልጄ «አንበሳ ለምን ባሕር ውስጥ አይኖርም?» ሲለኝ «ስለማይወድ ነው» እላለሁ። ችግር አለው?

አለው። «ስለማይወድ» ሲሉት ጥያቄው እዚያው ይዘጋል። ይልቅ ጥያቄውን መልሰው ይስጡት፦ አንበሳ ምን ይበላል? በምን ይተነፍሳል? ልጆቹን የት ይደብቃል? ሲሞቀው የት ይጠለላል? እነዚህን ለየትኛውም እንስሳ ማንሳት ይቻላል። የ5 ዓመት ልጅ ሁለቱን ከመለሰ የቀረውን ራሱ ይደርስበታል።

ጥያቄ፦ «ግመል በረሃ ስለምትኖር ሻኛ አበቀለች» ብዬ አስተምራለሁ። ትክክል ነኝ?

ይህን ጥያቄ ስላነሱት ደስ ብሎኛል፤ ብዙ መጻሕፍትም እንዲሁ ይላሉ። ልጆች ሁሉ ነገር ለሆነ ዓላማ የተደረገ ይመስላቸዋል። ዴቦራ ኬልመን የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትማለች። ድንጋይ ለምን ሹል እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ ብዙ ልጆች እንስሳት ሲያሳክካቸው እንዲታከኩበት ነው የሚለውን መልስ ይመርጡ ነበር። እኛም «አበቀለች» ስንል ግመሏ አስባበት ያደረገችው እናስመስላለን።

ማንም እንስሳ ፈልጎ አካሉን አይለውጥም። በየዘመኑ ሙቀቱንና ጥማቱን የቻለ አካል ያላቸው ተረፉ፣ ወለዱ፣ ልጆቻቸውም እነሱን መሰሉ። ይህ እጅግ ረጅም ዘመን ወስዷል። ለ5 ዓመት ልጅ ያን ሁሉ ማውራት አያስፈልግም፤ «ሻኛ ስላላት በረሃ ውስጥ መቆየት ትችላለች» ማለት ይበቃል። ስላላት ትችላለች። ይህን አነጋገር ዛሬ ከለመደ ነገ ትልቁን ትምህርት ሲማር የሚያፈርሰው ነገር አይኖርም።

ደግሞ ሻኛው ውስጥ ያለው ውኃ ሳይሆን ስብ ነው፤ ምግብ ሲጠፋ የምትኖርበት ስንቋ። ልጆችን ይበልጥ የሚያስደንቃቸው ግን ፊቷ ነው። ሽፋሽፍቷ ድርብ ነው፣ አፍንጫዋንም አሸዋ እንዳይገባ መዝጋት ትችላለች። ዓይናቸውን ጨፍነው አፍንጫቸውን ሳይነኩ ለመዝጋት ሲታገሉ ማየት ነው!

ጥያቄ፦ ዓሣ ከውኃ ሲወጣ ለምን ይሞታል? ውጭ አየር ሞልቶ የለ እንዴ? የ6 ዓመት ልጄ ጠይቆኝ አፌን ያዝኩ።

ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጥያቄው ትልቅ ሰውንም ያስቸግራል። ዓሣ የሚተነፍሰው ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ባለው ስንጥብ ነው። ስንጥቡ ብዙ ስስ ክሮች አሉት። ውኃ ውስጥ ክሮቹ ተዘርግተው ይንሳፈፋሉ፣ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅንም ይወስዳሉ። ከውኃ ሲወጡ ግን እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ አየር የሚነካው ቦታ በጣም ያንሳል።

ለስላሳ የቀለም ብሩሽ አምጡና ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ክተቱት፤ ፀጉሩ ይበተናል። አውጡት፤ ሁሉም ተጣብቆ ሹል ይሆናል። ልጅዎ ደጋግሞ ይንከረው፣ አይቸኩሉበት። ሲጨርስ ስለ ዶልፊን ይንገሩት፦ ባሕር ውስጥ ትኖራለች፣ የምትተነፍሰው ግን እንደኛ በሳንባ ስለሆነ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ትወጣለች።

ጥያቄ፦ ነጭ ድብ ፔንግዊንን ለምን አይበላም?

አይገናኙም። ነጭ ድብ በሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ ፔንግዊኖች ደግሞ በደቡብ ናቸው። ጎን ለጎን የሚስሏቸውን መጻሕፍት ባይገዙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቅዝቃዜና ሙቀት አካልን እንዴት እንደሚመለከተው በቀላሉ የሚያሳይ ነገር አለ?

የሁለት ቀበሮዎችን ጆሮ ያስተያዩ። በሰሃራ የምትኖረው ትንሿ ፌኔክ ጆሮዎቿ ከአካሏ አንጻር ግዙፍ ናቸው። የሰሜን ዋልታዋ ቀበሮ ግን ጆሮዋ አጭርና ክብ ነው። በሰፊ ጆሮ በኩል የሰውነት ሙቀት ይወጣል፣ አጭሩ ደግሞ ሙቀት ይቆጥባል። ለሙከራ እኩል ሙቅ ውኃ አንዱን ሰፊ ሳህን ላይ፣ ሌላውን ኩባያ ውስጥ ያድርጉ። የማያቃጥል ይሁን። ትንሽ ቆይተው ልጆቹ ጣታቸውን ይንከሩበት፤ የሳህኑ ቀድሞ ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ ሕያው እንስሳ ይዞ ማስተማርስ?

የመሬት ትል ይበቃል። ትሪ ላይ ግማሹን እርጥብ፣ ግማሹን ደረቅ ወረቀት ያንጥፉና ትሉን መሐል ያስቀምጡ። ልጆቹ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመው ይገምቱ። የመሬት ትል በቆዳው ስለሚተነፍስ ከደረቀ ይታፈናል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ወደ እርጥቡ ያዘነብላል። አንዳንዱ ወደ ደረቁ ከሄደም አያስተካክሉት፣ ሌላ ትል ይሞክሩ። ሲያበቃ ልጆቹ ራሳቸው ወደ አፈሩ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ልጄ «ደኑ ሲቆረጥ እንስሳቱ የት ይሄዳሉ?» አለችኝ። ላስደነግጣት አልፈለግኩም።

አይዋሹላት። አንዳንዶቹ ሌላ ቦታ ያገኛሉ፣ አንዳንዶቹ አያገኙም። ኮዋላ የተባለው የአውስትራሊያ እንስሳ የሚበላው ከሞላ ጎደል የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ ነው፤ ዛፉ ከጠፋ ሌላ ደን ቢሰጡትም አይጠቅመውም። ይህን በለሆሳስ ይንገሯትና «ታዲያ ምን ያስፈልገዋል?» ብለው ይጠይቋት። የ5 ዓመት ልጅ «ያንኑ ዛፍ መትከል» ካለች ትምህርቱ ገብቷታል።