ባለመምረጤ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የሚመጣው ምርጫ ላይ ድምፅ ላለመስጠት ወስኛለሁ። ያለፈውንም አልመረጥኩም። ፖለቲከኛ ሁሉ ያው ነው፤ የእኔ አንድ ድምፅ ደግሞ ምንም አይለውጥም። «አገራችን በሰማይ ነው» ተብሎ የለ? ጸሎቴን እያደረስኩ፣ እጄን ንጹሕ አድርጌ ብቀመጥ ይሻለኛል ብዬ ነው። ባለቤቴ ግን «ይኼ ስንፍና ነው» ትለኛለች። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ያልመረጠ ኃጢአተኛ ነው» የሚል ትእዛዝ በመጽሐፍ የለም፤ እኔም ከኪሴ አልጨምርበትም። የሆነ ሆኖ ከባለቤትህ ጎን ነኝ።

«እጄ ንጹሕ ነው» ካልከው ልጀምር። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9ን አስታውስ። አቤሜሌክ ወንድሞቹን ፈጅቶ በሴኬም ሲነግሥ፣ ያመለጠው ትንሹ ኢዮአታም ገሪዛን ተራራ ላይ ወጥቶ ለሕዝቡ ምሳሌ ነገራቸው። ዛፎች ንጉሥ ፈለጉ። ወይራን ለመኑት፤ «ዘይቴን ትቼ?» አላቸው። በለስም ፍሬዋን፣ ወይንም ጠጁን ምክንያት አደረጉ። ልብ በል፤ ሦስቱም ደህና ሥራ ላይ ነበሩ፣ ምክንያታቸውም ያሳምናል። በመጨረሻ እሾኹ ዘንድ ሄዱ። እሱ አላንገራገረም። ጥላ እንኳ ሳይኖረው «ኑ በጥላዬ ተጠለሉ» አለ፤ እምቢ ካላችሁ ከእኔ እሳት ወጥቶ የሊባኖስን ዝግባ ይብላ ብሎም ዛተ። ታሪኩ ሹመት እምቢ ስላሉ እንጂ ድምፅ ስላልሰጡ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እሾኹ ማንን ታግሎ ጣለ? ማንንም። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። የወይራው እጅ ንጹሕ ነበር ትላለህ?

ስለ ሰማያዊ አገራችን የጠቀስከው ቃል የጳውሎስ ነው። የጻፈው ደግሞ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ነው። በዚያችው ከተማ ሹማምንቱ ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት አስገርፈው ወኅኒ ጥለውት ነበር። በማግስቱ በስውር ሊለቁት ሲፈልጉ ምን አደረገ? የሮም ዜጋ መሆኑን ነግሯቸው፣ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ። ፈርተው መጡ፤ ለመኑትም (ሐዋ. 16፥35-39)። በኋላም «ወደ ቄሣር ይግባኝ» ብሏል። አገሩ በሰማይ መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን የምድሩን ዜግነቱንም ሲያስፈልግ ተጠቅሞበታል። ይህን ክፍል ብዙዎቻችን ዘለነው ነው የምናልፈው።

«አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል» ባልከው ላይ ላሞኝህ አልፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ አይለውጥም። ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ምን እንደሆነ ስማ። ለግዛቱ ምክር ቤት ሲመረጥ በአንድ የምርጫ ክልል ድጋሚ ቆጠራ ተደረገ፤ አንዷ ተወዳዳሪ በአንድ ድምፅ በለጠች። ከዚያ አንዲት የድምፅ መስጫ ወረቀት አከራከረች። መራጩ የሁለቱንም ምልክት አጥቁሮ፣ አንዱ ላይ ሰረዝ አድርጎበታል። ዳኞች ድምፁን ለተቃራኒዋ ቆጠሩለት፤ ሁለቱም 11,608 ላይ እኩል ሆኑ። በጃንዋሪ 2018 ስማቸው ሳህን ውስጥ ገብቶ ዕጣ ወጣ። በዚያ ዕጣ አንደኛው ፓርቲ ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዘ። ሐዋርያት ማትያስን በዕጣ ሲለዩ ጸልየው ነበር። እዚያ ግን ቤቱ ከዋለው ሰው አንድ እንኳ ወጥቶ ቢሆን ዕጣም ባላስፈለገ።

ጸሎቱን አትተው። ለነገሥታትና ለመኳንንት ሁሉ እንድንጸልይ ታዘናል (1ኛ ጢሞ. 2፥1-2)። ነህምያም ጠላት ሲከበው ጸለየ፤ ጸልዮም ዘበኛ አቆመ (ነህ. 4፥9)። ጸሎትህ ከወንበር እንዳትነሣ ሰበብ ከሆነህ፣ ነገሩን ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገርበት።

«ሁሉም ያው ናቸው» ላልከው ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ መርምረህ ነው? የተወዳዳሪዎቹን ስም ታውቃለህ? ስለ ትምህርት፣ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ግብር ምን እንዳሉ አይተሃል? አይተህ፣ ጸልየህ፣ ሕሊናህ አንዱንም አልቀበልም ካለ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ባዶ ወረቀት አጥፎ ሳጥን ውስጥ የሚከት ሰው አለ፤ አልነቅፈውም። ሳያይ «ያው ናቸው» የሚለው ግን በሰዎች ላይ እየፈረደ ነው።

ማንን ልምረጥ ብለህ እኔን እንዳትጠይቀኝ ደግሞ አደራ። በሐዋርያት ሥራ 6 መበለቶች ከዕለት ምግባቸው ሲጎድልባቸው፣ ሐዋርያት ሰባቱን ሰዎች ራሳቸው አልሰየሙም። መልካም ምስክርነት ያላቸው፣ መንፈስና ጥበብ የሞላባቸው ይሁኑ ብለው መለኪያውን ሰጡ፤ ምርጫውን ለሕዝቡ ተዉ። ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ «እገሌን ምረጡ» የሚል ሰባኪ ካጋጠመህ ስብከቱን ስማ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር እለፋት።

ለጊዜው ምዝገባው መቼ እንደሚዘጋ አጣራ። በብዙ አገር ከምርጫው ቀን ሳምንታት ቀድሞ ነው የሚዘጋው፤ ዘግይቶ የሚነቃም ብዙ ነው። ባለቤትህ ካልተመዘገበች አብራችሁ ሂዱ።